በጥቂት ገንዘብ ስለሚሠራ የሽቅድምድም አውቶሞቢል



ከሮቤ ተነሥቶ ጎባን አልፎ የሳነቴን አምባ በመኪና የወጣ ሰው፥ ከፍታው በጨመረ ቍጥር ሞተሩ እየደከመ መሄዱን ያስተውላል። ሞተር ቤንዚን የሚያቃጥለው በአየር ነው። ከባሕር ወለል በላይ 4,000 ሜትር በሆነው በዚያ አምባ ግን አየሩ የሳሳ ስለ ሆነ፥ የአየር መጭመቂያ የሌለው ሞተር ከኃይሉ ሲሶ ያህሉን ያጣል።

ለዚህ ድካም መድኃኒቱ ሁለት ነው። አንደኛው ትልቅ ሞተር መግዛት ነው፤ ይህም ባለጸጋነትን ይጠይቃል። ሁለተኛው የመኪናውን ክብደት መቀነስ ነው፤ ይህ ግን ከገንዘብ ይልቅ ብልኃትን ይፈልጋል።

በዚህ ብልኃት ስሙ የተጠራው እንግሊዛዊው ኮሊን ቻፕማን ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1948 ዓ.ም. ያረጀች ኦስቲን ሰቨን መሠረት አድርጎ የመጀመሪያ መኪናውን ሠራ። በ1957 ሎተስ ሰቨን የተባለችውን አወጣ። ሞተሯ ከፎርድ የተወሰደ ተራ ሞተር ሲሆን፥ ክብደቷ 500 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ ነበር። በሙሉ መኪና ላይ የሚጣለው ግብር በተበታተነ ዕቃ ላይ ስለማይጣል፥ ብዙ ገዢዎች ዕቃውን ወስደው በቤታቸው ይገጣጥሟት ነበር። በ1973 መብቱን የወሰደው ካተርሃም የተባለው ኩባንያ ያንኑ የድሮ መልክ ጠብቆ እስከ ዛሬ ይሠራታል።

የሽቅድምድም መኪና ባይሠራም፥ የሌላውን ንድፍ መሠረት አድርጎ የተነሣ ኩባንያ በአገራችንም ታይቷል። ይኸውም በዚያው አቈጣጠር በ2005 የተቋቋመው ሆላንድ ካር ነው። ዶክ የተባለችውን መኪና ሲገጣጥም አዲስ ንድፍ አላወጣም፤ በ1974 የወጣውን የፊያት 131 ንድፍ ተጠቀመ። ኩባንያው በ2013 ከስሮ ሥራውን አቁሟል። ይሁን እንጂ የቻፕማን ታሪክ እንደሚያሳየን፥ የሌላውን ዕቃ መዋስ የሥራው መነሻ እንጂ መድረሻው አይደለም፤ በተዋሰው ላይ የራስን ሐሳብ መጨመር ያስፈልጋል።

እንግዲህ በጋራዥ የምትደክሙ ወጣቶች ሆይ፥ የመኪናን ዕቃ ስትፈቱ እያንዳንዱን በሚዛን አኑሩት፤ ስለ ጥቅሙም ጠይቁ። የማይጠቅመውን አስወግዱ። ነገር ግን ከፍሬኑና ከመሪው፥ ከሻሲው ጥንካሬም ምንም አታጕድሉ። ሳነቴን የወጣ መኪና ወደ ሐረና ደን መውረዱ አይቀርምና፥ በዳገት የተገኘው ትርፍ በቍልቍለት የሰው ሕይወት የሚያስከፍል እንዳይሆን መጠንቀቅ የእውነተኛ ባለሙያ ግዴታ ነው።