ከ1978 በፊት የተሠራ ቤት

ሰሞኑን ሜሪላንድ የምትኖር፣ ድሮ ያስተማርኳት ልጅ አንድ ጥያቄ ላከችልኝ። ቤት ስትከራይ ከውሉ ጋር አንድ ቅጽ አስፈረሟት። ቤቱ ከ1978 በፊት የተሠራ ስለሆነ የእርሳስ ቀለም ሊኖርበት ይችላል ይላል። «ቲቸር፣ 1978 ምን ሆነ?» ትለኛለች። መልሱ ረዘመብኝና እዚሁ ልጻፈው አልኩ። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ። እርሳስ ስል የምንጽፍበትን ማለቴ አይደለም። እሱ ውስጥ ያለው ጥቁር ነገር ግራፋይት ነው፤ የካርቦን ዓይነት። ስሙ ብቻ ተጣብቆበት ቀረ፣ ፈረንጆቹም በዚሁ ተሳስተዋል። እኔ የምላችሁ ጥይት የሚሠራበትን፣ የመኪና ባትሪ ውስጥ ያለውን ከባድ ብረት ነው። ከእሱ የሚገኘውን ነጭ ዱቄት በተልባ ዘይት ሲለውሱት ግሩም ቀለም ይወጣዋል። ግድግዳውን ጥርግ አድርጎ ይሸፍናል፣ ዝናብና ፀሐይ ይችላል። ቀቢዎች ለዘመናት የወደዱት በከንቱ አልነበረም።

መርዝነቱም አዲስ ግኝት አይደለም። ቪትሩቪየስ የሚባለው ሮማዊ የሕንፃ ባለሙያ ከ2000 ዓመት በፊት የውሃ ቧንቧ ከእርሳስ ይልቅ ከሸክላ ቢሠራ ይሻላል ብሎ ጽፏል። ማስረጃው የእርሳስ ሠራተኞች ፊት መገርጣቱ ነበር። ላቦራቶሪ የለው፣ ምን የለው፤ ሰው አይቶ ፈረደ።

የልጆቹን ነገር በደንብ የመረመሩት ግን አውስትራሊያ ውስጥ፣ ብሪዝበን ከተማ ያሉ ሐኪሞች ናቸው። በ1890ዎቹ መጀመሪያ ሆዳቸውን የሚቆርጣቸው፣ እጅ እግራቸው የሚዝል ልጆች ይመጡባቸው ጀመር። ሕመሙን ያውቁታል፤ የቀቢዎችና የእርሳስ ፋብሪካ ሠራተኞች ሕመም ነው። ልጆቹ ግን ፋብሪካ ረግጠው አያውቁም። ታዲያ ከየት መጣ? ለዓመታት እንቆቅልሽ ሆነ። በ1904 ሎክሃርት ጊብሰን የተባለ የዓይን ሐኪም ምንጩ ራሱ ቤቱ ነው ብሎ ጻፈ። የዚያ አገር ቤት የእንጨት ነው፣ በረንዳና የበረንዳ አጥር አለው፣ በእርሳስ ቀለም ይቀባል። ኃይለኛው ፀሐይ ቀለሙን እያነደደ ዱቄት ያደርገዋል። ልጅ አጥሩን ይዞ ይጫወታል፣ ዱቄቱ እጁ ላይ ይቀራል፣ ከዚያ ጣቱን ይጠባል ወይ ጥፍሩን ይበላል። በቃ፣ ይኸው ነው። ልጅ እጁ በሚደርስበት ቦታ ይህን ቀለም መቀባት በሕግ የተከለከለው በ1922 ነበር። ከ1904 እስከ 1922 ቁጠሩት። ያኔ የታመመ ሕፃን፣ ከተረፈ፣ ሕጉ ሲወጣ ጎልማሳ ሆኗል።

በ1921 ጄኔቫ ላይ የዓለም ሥራ ድርጅት በነጭ እርሳስ የቤት ውስጥ ቅብን የሚከለክል ስምምነት አውጥቶ ነበር። ስምምነቱ ያሰበው ለቀቢው እንጂ ግድግዳው ሥር ለሚድኸው ሕፃን አይደለም። ቢሆንም ለሕፃኑም ይበጀው ነበር። አሜሪካ አልተቀበለችውም።

አሜሪካ ውስጥ የሆነው ሌላ ነው። ናሽናል ሌድ የሚባለው ትልቁ ኩባንያ ማስታወቂያው ላይ ብሩሽ የያዘ ደስ የሚል ሆላንዳዊ ልጅ አደረገ። ይባስ ብሎ ለልጆች የሚቀለም የሥዕል መጽሐፍ አሳትሞ አደለ። ልጆች መመረዛቸው ሲነገር ደግሞ የኢንዱስትሪው ሰዎች መልስ ነበራቸው፤ ጥፋቱ የቀለሙ ሳይሆን ልጃቸውን የማይጠብቁ የድሃ ሰፈር ወላጆች ነው ይሉ ነበር። ከዚህ ታሪክ ሁሉ እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ልጇ የተመረዘባት እናት፣ የተከራየችው ቤት ግድግዳ እየተፈረፈረ፣ ተከሳሽ ሆና ቆመች! ባልቲሞር ከተማ በ1951 የቤት ውስጥ የእርሳስ ቀለምን ቀድማ ከለከለች። አገሪቱ በሙሉ ለቤት የሚሸጠውን የከለከለችው በ1978 ነው። ልጄ፣ መልስሽ ይኸው።

ግን ሕጉ ሽያጩን ከለከለ እንጂ የተቀባውን ግድግዳ አልፋቀም። ቀለሙ በላዩ ላይ ሌላ ቀለም እየተደረበበት እስካሁን አለ። ያስፈረሙሽ ቅጽም በ1992 የወጣው ሕግ ያመጣው ነው።

በ1979 ደግሞ ኸርበርት ኒድልማን የተባለ ሐኪም ጥናቱን አወጣ። እኛ ጣሪያ ላይ የምንወረውረውን የወተት ጥርስ እሱ ማሳቹሴትስ ውስጥ ከ2000 ከሚበልጡ የትምህርት ቤት ልጆች ሰበሰበ። ጥርስ እንደ ማኅደር ነው፣ ልጁ ያገኘውን እርሳስ ይዞ ይቆያል። ጥርሳቸው ውስጥ ብዙ እርሳስ የተገኘባቸው ልጆች በአእምሮ ፈተና ዝቅ ብለው፣ ክፍል ውስጥም ትኩረት አጥተው ተገኙ። ልብ በሉ፣ እነዚህ ልጆች የታመሙ አይመስሉም። ዕድሜዬን ያስተማርኩ ሰው ነኝና ይህን ሳነብ «ሰነፍ» ተብለው ከኋላ የተቀመጡ ስንቶቹ ይሆኑ እያልኩ አስባለሁ።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ በአዲስ አበባ ገበያ የተገዙ የዘይት ቀለሞች ሲመረመሩ ብዙ እርሳስ የተገኘባቸው ነበሩ። በተለይ ቢጫውና እሱን የመሰሉት ደማቅ ቀለሞች ይጠረጠራሉ፣ ድምቀቱ የሚመጣው ከእርሳስ ውህድ ሊሆን ይችላልና። በ2018 የሚኒስትሮች ምክር ቤት በቀለም ውስጥ የሚኖረው እርሳስ ከሚሊዮን 90 ክፍል እንዳይበልጥ ደንብ አወጣ። ጥሩ ደንብ ነው። ከዚያ በፊት የተቀባው የግቢ በር፣ የመስኮት ብረትና የልጆች አልጋ ግን እንዳለ አለ።

ስለዚህ ለእንቁጣጣሽ ወይ ለፋሲካ ቤት የምታስቀቡ ሰዎች፣ አደራ፣ የድሮውን የዘይት ቀለም በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አታስፈግፍጉ። ቤቱን ለወራት የሚመርዘው ያ አቧራ ነው። ውሃ እየነከሩ ይሠራ። ልጆችና ነፍሰ ጡር ሴት እስኪያልቅ ዘመድ ቤት ይቆዩ። ሲያልቅ መጥረጊያ አታንሱ፤ በእርጥብ ጨርቅ ደጋግማችሁ ወልውሉ። አዲሱን ስትገዙ «እርሳሱ ስንት ነው?» ብላችሁ ባለሱቁን ጠይቁት፤ ቢስቅባችሁም ጣሳው ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ቀቢው ደግሞ ከመሄዱ በፊት ይታጠብ፣ የሥራ ልብሱንም ይቀይር። እሱም ቤት ልጆች አሉ።