ስም ሲነሣ ምን ይነሣል? የላንድሮቨር ታሪክ ከሰንበቴ ሲታይ



የዛሬውን ንግግሬን ከሰንበቴ ገበያ እንድጀምር ይፈቀድልኝ። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አውራ ጎዳና ጣርማ በርን ተሻግሮ ወደ ቆላው ይወርድና ሸዋ ሮቢትንና አጣዬን አልፎ፣ ከሚሴ ከመድረሱ በፊት ሰንበቴን ያገኛል። እሑድ በሚቆመው በዚህ ገበያ ኦሮሞው፣ አፋሩ፣ አርጎባውና አማራው ከየአቅጣጫው መጥቶ ይገበያያል። ዛሬ ከገበያው ዳር የቆመ ሰው የሚያየው መኪና ባጃጅ፣ አይሱዙና ቶዮታ ነው። እኛ ልጆች በነበርንበት ጊዜ ግን ከአስፋልቱ ወጥታ ወደ ገጠሩ የምትገባን ማንኛዋንም መኪና፣ ሠሪዋ ማንም ይሁን ማን፣ «ላንድሮቨር» ነበር የምንላት። የአንድ ፋብሪካ ስም የዕቃው ሁሉ መጠሪያ ሆኖ ነበር።

ያ ስም እንግሊዛዊ ነበር፤ ዛሬ ግን ባለቤቱ የሕንድ ኩባንያ ነው። ደክሞ የነበረው ስም በሕንዶች እጅ ከገባ በኋላ ተነሥቷል፤ ወደ ሰንበቴ ግን አልተመለሰም። የዛሬው ጥያቄዬም ከዚህ ይነሣል፦ የወደቀ የንግድ ስም በባዕድ ባለቤት እጅ ሲነሣ፣ የሚነሣው በትክክል ምንድን ነው? ለማንስ ነው የሚነሣው? ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ካልገለጽሁ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድመን ልደቱን እንመልከት። ሮቨር በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ በብስክሌት ሥራ የታወቀ፣ በኋላም የቤት መኪና የሚሠራ ኩባንያ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የብሪታንያ መንግሥት ብረት በኮታ የሚያድል በመሆኑ፣ ቅድሚያ የሚያገኘው ምርቱን ወደ ውጭ የሚልክ ፋብሪካ ነበር። የኩባንያው ዋና መሐንዲስ ሞሪስ ዊልክስ በእርሻው ላይ ከጦርነቱ የተረፈች የአሜሪካ ጂፕ ይጠቀም ነበር። የመጀመሪያዋ የሙከራ ላንድሮቨር የተሠራችውም በጂፕ ሻንሲ ላይ ነው። ብረት ውድ ስለነበር አካሏ ከአሉሚኒየም ቅይጥ ተሠራ፤ በሚያዝያ 1948 በአምስተርዳም ዐውደ ርእይ ለሕዝብ ታየች። እንግዲህ የእንግሊዛዊነት ምልክት ተደርጋ የምትቆጠረው መኪና ከመነሻዋ የአሜሪካ ሐሳብና የእጥረት ዘመን ልጅ ነበረች። ስለ «ንጹሕ» ብሔራዊ ምርት የሚነገረውን ትርክት በጥንቃቄ እንድናይ የሚያስገድደን የመጀመሪያው ነጥብ ይህ ነው።

በአፍሪካ ገጠር የተወደደችውም በዚያው የእጥረት ዘመን ባሕርይዋ ምክንያት ነው። አካሏ በቡሎን የተያያዘ ስለሆነ እየተፈታ ይቀየራል፤ ባሌስትራዋ የድንጋይ መንገድ ይችላል፤ ሞተሯን አንድ መካኒክ በጥቂት መፍቻዎች ዛፍ ጥላ ሥር ሊያድሰው ይችላል። በአገራችንም የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ ሚሲዮኖችና ተመራማሪዎች ተገልግለውባታል። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ዶናልድ ጆሃንሰንና ቶም ግሬይ ከባቲ ወደ ሚሌ ከሚወስደው መንገድ በስተ ደቡብ በሚገኘው በሐዳር የሉሲን ቅሪተ አካል ባገኙበት ዕለት፣ ከሰፈራቸው የወጡት በላንድሮቨር ነበር። ባቲ የዚሁ የእኛ ዞን ከተማ መሆኗን ላስታውሳችሁ።

ውድቀቱ በአንድ ቀን የመጣ አይደለም። ሮቨር በ1967 ወደ ሌይላንድ ተጠቃለለ፤ በ1968 ብሪቲሽ ሌይላንድ የተባለው ግዙፍ ድርጅት ተመሠረተ፤ እርሱም በ1975 በመንግሥት እጅ ገባ። ላንድሮቨር ትርፍ ታስገባ ነበር፤ ትርፉ ግን ኪሳራ ላይ ለነበሩት የቤት መኪናዎች መደጎሚያ ስለዋለ ፋብሪካዋ ሳይስፋፋ፣ ሞዴሏም በወጉ ሳይታደስ ቀረ። ገዢው ብዙ ጊዜ ወረፋ ይጠብቅ ነበር። በዚህ ክፍተት የገባው ቶዮታ ነው። «ላንድ ክሩዘር» የሚለው ስም ራሱ በ1954 የወጣው ከላንድሮቨር ስም እንዳያንስ ታስቦ ነበር፤ በአፍሪካ ገጠር ውሎ አድሮ ተፎካካሪውን ተክቶታል። በአገራችን የቶዮታ ወኪል የሆነው የሞኤንኮ አብላጫ ድርሻ በዛሬው ጊዜ የእንግሊዙ የኢንችኬፕ ኩባንያ ነው። የእንግሊዙን መኪና ሕንድ ሲይዝ፣ የጃፓኑን መኪና ለእኛ የሚሸጠው እንግሊዝ ሆነ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ስሙ ከእጅ ወደ እጅ ተዘዋወረ። በ1988 ብሪቲሽ ኤሮስፔስ፣ በ1994 የጀርመኑ ቢኤምደብሊው ድርጅቱን ገዙ። በ2000 ጀርመኖቹ ድርጅቱን ከፋፈሉት፤ ላንድሮቨር ለአሜሪካው ፎርድ ተሸጠ፤ ኤምጂና ሮቨር በ10 ፓውንድ ለእንግሊዝ ባለሀብቶች ቡድን ተሰጡ። በአገር ልጆች እጅ የቀረው ይህ ክፍል በ2005 ከሰረ፤ ወደ 6 ሺህ የሚጠጉ ሠራተኞችም ተበተኑ። እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስተውል፦ የአገር ልጅ ባለቤትነት ብቻውን ፋብሪካን አላዳነም።

ታታ ሞተርስ ጃጓርንና ላንድሮቨርን በሰኔ 2008 በ2.3 ቢሊዮን ዶላር ገዛ። ይህም ፎርድ ሁለቱን በየጊዜው ለመግዛት ካወጣው ገንዘብ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ከጥቂት ወራት በኋላ የዓለም የገንዘብ ቀውስ ፈነዳ፤ ሽያጭ ወደቀ፤ ታታም ከፍተኛ ኪሳራ አስመዘገበ። ይሁን እንጂ ባለቤቱ አልሸሸም። የንድፍና የምሕንድስና ሥራው በእንግሊዝ አገር እንዲቀጥል አደረገ፤ ለአዳዲስ ሞዴሎች ገንዘብ አፈሰሰ። በ2011 ኢቮክ የተባለችው ሞዴል ወጣች፤ የቻይና ገበያ ተከፈተ፤ በ2013 የሁለቱ ስሞች ሽያጭ በድምሩ ከ425 ሺህ መኪና በላይ ደረሰ፤ በ2014 በዎልቨርሃምፕተን አዲስ የሞተር ፋብሪካ ተመረቀ።

በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በትምህርት ቤቶቻችን ያስተማሩትን የሕንድ መምህራን የሚያስታውስ ትውልድ ዛሬም በመካከላችን አለ። በ1947 ነፃነቷን ያገኘች አገር የቀድሞ ገዢዋን የኢንዱስትሪ ቅርስ ገዝታ ማዳኗ ስሜትን የሚነካ ታሪክ ነው። የታሪክ ባለሙያ ግን በስሜቱ ላይ ሊቆም አይገባውም፤ ስልቱን መመርመር አለበት።

ለዚህም የተበተኑትን የሮቨር ቅርንጫፎች ማነጻጸር ይጠቅማል። የቻይናው ሳይክ የአንዳንድ የሮቨር ሞዴሎችን ንድፍ ገዛ፤ ስሙን ግን ሊያገኝ አልቻለም፤ ስለዚህ «ሮዌ» የሚል አዲስ ስም አወጣ። ይህ ዕውቀት ያለ ስም ነው። «ሮቨር» የሚለውን ስም ላንድሮቨርን ለመጠበቅ ሲል ፎርድ በ2006 ገዛው፤ በኋላም ለታታ ተላለፈ፤ እነሆ መኪና ሳይወጣበት ተቀምጧል። ይህ ደግሞ ስም ያለ ሥራ ነው። የኤምጂ ስም ወደ ቻይና ሄደ፤ በ2023 በብሪታንያ ብቻ ከ80 ሺህ በላይ መኪና ተሸጠበት፤ ነገር ግን መኪናዎቹ በእንግሊዝ አገር አይሠሩም። ስሙ ዳነ፤ የሎንግብሪጅ ሠራተኛ ግን አልዳነም። በላንድሮቨር ዘንድ ብቻ ስም፣ ዕውቀትና ታጋሽ ካፒታል በአንድነት ተገኙ። ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱ በጎደለበት ሁሉ ትንሣኤው ጎዶሎ ሆኗል።

በአገራችንም ተመሳሳይ ትምህርት አለ። በሞጆ መኪና ይገጣጥም የነበረው ሆላንድ ካር ለምርቶቹ የወንዞቻችንን ስም ሰጥቶ ነበር፤ «አባይ» የተባለችው መኪና ግን በንድፏ የቻይናው ሊፋን ነበረች። ስሙ የእኛ ሆነ፤ ዕውቀቱ ከውጭ ነበር፤ ካፒታሉም አልበቃም፤ ፋብሪካውም ተዘጋ። መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከ2024 ጀምሮ መከልከሉን ተከትሎ የኤሌክትሪክ መኪና መገጣጠም በሚነገርበት በዚህ ጊዜ፣ ተማሪዎቻችን መጠየቅ ያለባቸው «በመኪናው ግንባር ላይ የተጻፈው ስም የማን ነው?» የሚለውን ብቻ አይደለም። ንድፉን የሚያውቀው ማን ነው? ኪሳራ ሲመጣ የሚታገሠውስ ማን ነው? ብለው ሊጠይቁ ይገባል።

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ ይቀራል፤ እርሱም የተጠቃሚው ጥያቄ ነው። አሮጌው ዲፌንደር በጥር 2016 ከሶሊሃል ፋብሪካ ለመጨረሻ ጊዜ ወጣ። በ2019 ይፋ የሆነው አዲሱ ዲፌንደር በስሎቫኪያ የሚሠራ፣ በኮምፒዩተር የሚመራ፣ ለባለጸጋ የታሰበ መኪና ነው። ኩባንያው በ2023 ሬንጅሮቨርን፣ ዲፌንደርንና ዲስከቨሪን ራሳቸውን የቻሉ ስሞች ሲያደርግ፣ «ላንድሮቨር» የሚለው ስም ራሱ ወደ ኋላ ተገፋ። በመፍቻ የሚታደሰውና ገበሬ የሚሳፈርበት መኪና ከመቃብሩ አልተነሣም። ያንን አገልግሎት በሰንበቴ የሚሰጠው፣ ከአስፋልቱ ግራና ቀኝ ሰውና ዕቃ የሚያመላልሰው ባጃጅ ነው፤ እርሱም የሕንድ ስም ነው።

ስለዚህ መልሴ ይህ ነው። ታታ ያስነሣው ኩባንያውን፣ የሶሊሃልን የሥራ ዕድልና የመሐንዲሶቹን ዕውቀት ነው፤ ይህም ቀላል ነገር አይደለም። ስሙን ያስከበረውን የገጠር ሰው ግን ትንሣኤው አልጨመረውም። የአንድን የንግድ ስም ታሪክ የሚጽፍ ሰው የባለቤቶቹን መዝገብ ብቻ ሳይሆን፣ ስሙን የዕቃው ሁሉ መጠሪያ ያደረጉትን ተጠቃሚዎችም ሊቆጥር ይገባዋል። ይህን ታሪክ ከሶሊሃል ሆኖ የሚጽፈው ሰው ብዙ ነው፤ ከሰንበቴ ሆኖ የሚጽፈው ግን ከእናንተ መካከል እንዲወጣ እመኛለሁ።