የቪየና አራሶችና የሐኪሞች እጅ

ሐኪም ምጥ የያዛትን ሴት ከመንካቱ አስቀድሞ እጁን መታጠቡን ዛሬ ማንም እንደ ትልቅ ነገር አይቈጥረውም። ይሁን እንጂ ይህች ትንሽ ሥርዓት ከመጽናቷ በፊት የብዙ እናቶች ሕይወት ጠፍቷል፤ ሥርዓቷን ያመጣውም ሰው ተዋርዶ ሞቷል። እኛም ነገሩ የተፈጸመበትን የቪየና ሆስፒታል ታሪክ ለአንባቢ ልናቀርብ አስበናል። የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በ1784 በቪየና የተከፈተው ትልቁ ሆስፒታል ድኾች ሴቶች ያለ ክፍያ የሚወልዱበት ቤት ነበረው። ቤቱ በሁለት ክፍል የተከፈለ ሲሆን ከ1840 ጀምሮ በአንደኛው ክፍል የሕክምና ተማሪዎች፣ በሁለተኛው አዋላጅ ሴቶች ብቻ እንዲማሩ ተወሰነ። ወላዶቹ የሚገቡት ክፍሎቹ በሚፈራረቁበት ተራ ቀን እንጂ በምርጫቸው አልነበረም። በ1846 በአንደኛው ክፍል ከወለዱት 4,010 ሴቶች 459 ሲሞቱ፣ በሁለተኛው ከ3,754 የሞቱት 105 ብቻ ናቸው። ገዳዩ የአራስ ትኩሳት ነበር። ከእናቶቹ ጋር በሚሞቱት ሕፃናትም ሬሳ ላይ ያው የበሽታው ምልክት ይታይ ነበር።

ይህን ልዩነት ከሊቃውንቱ ይልቅ ወላዶቹ አጥብቀው ያውቁት ነበር። ተራው የአንደኛው ክፍል መሆኑን የሰማች ሴት ተንበርክካ፣ እጇን አጣምራ፣ ወደ ሌላው እንድትገባ ትለምን ነበር። ሆስፒታል ሳይደርሱ በመንገድ ላይ የወለዱት እንኳ ከአንደኛው ክፍል ወላዶች ይልቅ ከትኩሳቱ ይድኑ ነበር። አንዳንድ ሊቃውንት ግን ሞቱን ያመጣው ፍርሃታቸው ነው አሉ። ፍርሃቱን ያመጣው ሞቱ እንደ ሆነ ለማሰብ ምን ያህል ዕውቀት እንደሚያስፈልግ አንባቢ ይፍረድ።

በ1846 በአንደኛው ክፍል ረዳት ሐኪም ሆኖ የተሾመው ኢግናዝ ሴሜልቫይስ በ1818 በቡዳ የተወለደ የሃንጋሪ ሰው ነው። ምክንያቱን ለማግኘት ያልሞከረው ነገር አልነበረም። በሁለተኛው ክፍል ሴቶች በጎናቸው ተኝተው ስለሚወልዱ በእርሱም ክፍል እንዲሁ እንዲሆን አደረገ፤ አልጠቀመም። ለሚሞቱት ቍርባን የሚወስደው ቄስ ቃጭል እያስመታ በአራሶቹ መካከል ማለፉ ያስደነግጣቸው እንደ ሆነ ብሎ መንገዱን አስለወጠው፤ ይህም አልጠቀመም። በመጋቢት 1847 ግን ወዳጁ ፕሮፌሰር ኮሌችካ ሬሳ ሲመረምር የተማሪ ቢላዋ ጣቱን ወጋውና ታሞ ሞተ። ሬሳው ሲመረመር በአራሶቹ ላይ የሚታየው ሁሉ በእርሱም ላይ ተገኘ። ሴሜልቫይስም የነገሩን ቍልፍ በዚህ አገኘው። ሐኪሞቹና ተማሪዎቹ ጠዋት ሬሳ ሲከፍቱ ቆይተው በዚያው እጃቸው ወላዶችን ይመረምራሉ፤ አዋላጆቹ ግን ሬሳ አይነኩም። ከሞቱት ብዙዎቹን የገደለው የሐኪሙ እጅ ነበር፤ የራሱም እጅ ጭምር።

ሳሙና የሬሳውን ሽታ ከእጅ እንደማያጠፋ ስላወቀ፣ በግንቦት 1847 ማንም በክሎሪን ውሃ (ዛሬ በየቤቱ ከምናውቀው በረኪና ጋር የሚቀራረብ ነው) ሳይታጠብ ወደ ወላዶች እንዳይገባ አዘዘ። በሚያዝያ ከ312 ወላዶች 57 ሞተው ነበር፤ በሰኔ ከ268 የሞቱት 6 ሆኑ። በ1848 ዓመቱን በሙሉ ከ3,556 የሞቱት 45 ብቻ ሲሆኑ፣ በመጋቢትና በነሐሴ አንዲት እናት እንኳ አልሞተችም።

እኛ የመንግሥት መዝገብ ስንጽፍና ስናገላብጥ የምንውል ሰዎች በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀን ሌላ ነገር ነው። የቪየና ጸሓፊዎች ከ1784 ጀምሮ የወላዶችንና የሟቾችን ቍጥር ሲመዘግቡ ኖረዋል። ሴሜልቫይስ መዝገቡን ሲመረምር፣ የሬሳ ምርመራ ትምህርት በ1823 ከመስፋፋቱ በፊት ከመቶ ወላዶች የሚሞቱት በአማካይ ከ1 ጥቂት የሚበልጡ ነበሩ፤ በቀጣዮቹ ዓመታት ግን ከ5 በላይ ሆኑ። እውነቱ ሃያ ዓመት በላይ በመደርደሪያ ላይ ተጽፎ ተቀምጦ ነበርና ያነበበው አልነበረም።

የክፍሉ አለቃ ክላይን ግን አልተቀበለውም፤ በ1849 የሴሜልቫይስ የሥራ ዘመን ሲያበቃም አልታደሰለትም። የትልቅ ቤተሰብ ልጅ፣ የተማረ ሐኪም፣ እጅህ ገዳይ ነው ሲባል እሺ ማለት እንደሚከብደው አይካድም። በኪል ከተማ ያስተምር የነበረው ሚካኤሊስ ግን ነገሩን አምኖ ከተቀበሉት አንዱ ነበር፤ የዘመዱን ሞት ያመጣሁ እኔ ነኝ ብሎ ኅሊናው ስለ ከሰሰው በ1848 ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ። በሴሜልቫይስም ላይ ነቀፋ አለን። በጊዜው ሊጽፍ ሲገባው ዝም አለ፤ ዋና መጽሐፉ የወጣው ከግኝቱ ከዐሥር ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1861 ነው። በኋላ ደግሞ ተቃዋሚዎቹን ነፍሰ ገዳዮች እያለ በግልጽ ደብዳቤ ሰደባቸው። ሥራው ግን መሰከረለት፤ ወደ አገሩ ተመልሶ በፔስት ቅዱስ ሮኩስ ሆስፒታል ባገለገለባቸው ስድስት ዓመታት ከ933 ወላዶች በአራስ ትኩሳት የሞቱት 8 ብቻ ነበሩ።

በ1865 አእምሮው ታውኮ በቪየና ከአእምሮ ሕሙማን ቤት ገባ፤ በገባ በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ ነሐሴ 13 ቀን፣ በ47 ዓመቱ ከቍስል በመጣ የደም መመረዝ ሞተ። ሉዊ ፓስተር በፓሪስ ሊቃውንት ፊት የአራስ ትኩሳትን የሚያመጡትን እንደ ሰንሰለት የተያያዙ ተሕዋስያን ያስረዳው በ1879 ነው። ሴሜልቫይስ ከሞተ 14 ዓመት ሆኖት ነበር።