ከመኪናው ሥር

ኢምፔሪያል ቆመን መኪና ስናይ ዓይናችን ቀለሙ ላይ ነው፤ ከሥሩ ማን ያያል?

በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤንትሌይ ከጅቡቲ ተነስቶ ለአፄ ምኒልክ ያመጣት ሲድሌይ መኪና፣ እንደ ዘመኗ መኪኖች፣ የፊት ጎማዎቿ የተያያዙት በአንድ ወጥ ብረት ነበር። ኋላ ለምቾት ሲባል የቤት መኪና ጎማ ለየብቻው ከፍ ዝቅ እንዲል ተደረገ፤ ወጡ ብረት ለጭነት መኪና ቀረ።

የአሜሪካ ጎረምሶች ግን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ያንኑ ብረት ከነባሌስትራው አሮጌ መኪና ላይ መልሰው ገጠሙት። ለምን? ለሩብ ማይል ውድድር ነዋ! አፍንጫዋ ከፍ ያለ መኪና ስትፈተለክ ክብደቷ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ የኋላ ጎማዋ አስፋልቱን ጨብጦ ይይዛል።

የኛም ጋራዥ ሠራተኛ ከወዳደቀ ብረት መኪና ሲያስነሳ ታሪክ ይሠራል፤ ጸሐፊ ግን የለውም። እስቲ ብዕር ይዘን ጎንበስ እንበል!