የዋጊኖስ ረጅም መንገድ

እ.ኤ.አ. በ1819 ፔሌቲዬና ካቫንቱ የተባሉ ሁለት ፈረንሳዊ ፋርማሲስቶች ከአንድ መራራ የዛፍ ቅርፊት ብርቱ መርዝ ለይተው አወጡ። በዓመቱ የወባ መድኃኒት የሆነውን ኪኒንን ለዓለም ያበረከቱትም እነዚሁ ሁለት ሰዎች ናቸው። መርዙን «ብሩሲን» አሉት። ቅርፊቱ የተላጠው «ብሩሲያ» ከሚባል፣ በስኮትላንዳዊው ተጓዥ በጄምስ ብሩስ ስም ከተሰየመ የሐበሻ ተክል መስሏቸው ነበር። ቅርፊቱ ግን ስትሪክኒን የሚገኝበት የእስያ ዛፍ ሆኖ ተገኘ። ስሙ ከወጣ በኋላ ማን ይመልሰው! እኛ ዋጊኖስ የምንለው ተክል በሌለበት ነገር ስሙ እስከ ዛሬ በኬሚስትሪ መጻሕፍት ከመርዝ ጋር ተቆራኝቶ ቀረ።

ዋጊኖስ በአንዳንድ አካባቢ የደጋ አባሎ ይባላል። በደጋና በወይና ደጋ ደን ጠርዝ የሚበቅል ቁጥቋጦ ነው፤ ሲመቸው አነስተኛ ዛፍ ይሆናል። ለጋ ቅርንጫፉ ዝገት በመሰለ ጠጉር የተሸፈነ ነው፣ መራራነቱም ሌላ ነው። በአገሩ ልጆች ዘንድ ለሆድ ሕመም ከመዋሉም በላይ ለቆዳ ይፈለጋል። ፍሬው ወይም ቅጠሉ ደርቆ ይደቆስና በቅቤ ወይም በማር ተለውሶ እከክ፣ ያመረቀዘ ቁስል፣ አልፎ ተርፎም የቁምጥና ቁስል ላይ ይቀባል። የዚህን ተክል ታሪክ ሳነብ የሚያንገበግበኝ አንድ ነገር አለ። ከሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት ወዲህ የውጭው ዓለም ደጋግሞ ወደ ዋጊኖስ መጥቷል፤ ለቆዳ ብሎ ግን የመጣ ብዙም አላየሁም።

መጀመሪያ የመጣው ብሩስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1769 ምጽዋ ደርሶ በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ጎንደር ሲገባ ከተማዋን ፈንጣጣ ይዟት ነበር። በእቴጌ ምንትዋብ ቁስቋም ቤተ መንግሥት የታመሙትን እንዲያክም ተጠራ። በርና መስኮቱን አስከፈተ፣ ክፍሎቹን በዕጣንና በከርቤ አሳጠነ፣ በሞቀ ውኃና በኮምጣጤ አሳጠበ። በቤተ መንግሥት የነበረው ክብር በአብዛኛው ከዚህ ሕክምና የመጣ ነው። የእርሱን ሕይወት ያተረፈው ግን የአገሩ መድኃኒት ነበር። ከጎንደር በስተ ምዕራብ በራስ ፊል ቆላ ተቅማጥ ጥሎት ሳለ የዋጊኖስን ሥር ቅርፊት ዱቄት ወስዶ ዳነ። እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው ባለ አምስት ቅጽ የጉዞ መጽሐፍ ተክሉን ከኮሶ፣ ከእንሰት፣ ከዋንዛና ከቀንጠፋ ጋር በሥዕል አስደግፎ አስተዋወቀው። በሳይንሳዊ ስሙ ላይም «ተቅማጥን የሚከላከል» የሚል ቃል ታከለበት። በዚያች አንዲት ቃል ዋጊኖስ በዓለም ፊት የሆድ መድኃኒት ሆነ፤ የቆዳው ሥራው አገር ቤት ቀረ።

አገር ቤት ያለው እውቀት ግን ሳይጻፍ የቀረ አልነበረም። ደብተራዎች በብራና ላይ የበሽታውን ስም፣ የዕፁን ስም፣ የሚወሰድበትን ክፍልና የሚለወስበትን ነገር እያሰፈሩ ለዘመናት አቆይተውታል። ፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮል የአንድ ደብተራን የመድኃኒት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1930 ፓሪስ ውስጥ አሳተመ። ፖላንዳዊው ስቴፋን ስትሬልቺን ደግሞ የኢትዮጵያ የሕክምና ጽሑፎችን ሰብስቦ፣ የዕፀዋቱን ስም አንድ በአንድ እየተከታተለ እ.ኤ.አ. በ1968 እና በ1973 በሁለት ጥራዝ አወጣቸው። እንዲህ ያሉ መጻሕፍት ውስጥ የቆዳ በሽታ ብዙ ቦታ አለው። ደግሞስ ለምን አይኖረው? ቁርጠትን ሰው በልቡ ይዞ ይውላል፣ ለምጽና እከክ ግን ሰው ፊት ያዋርዳሉ።

ይሁን እንጂ ደብተራው እውቀቱን የሚያስተላልፈው ለልጁ ወይም ለታመነ ደቀ መዝሙሩ ነበር። መድኃኒት ስሙ ከተነገረ ኃይሉ ይጠፋል ይባል ስለነበር፣ ባለ መድኃኒቱ ድንገት ሲሞት ብራናው ቢተርፍ እንኳ የዕፁን መልክ የሚያሳይ ሰው ይጠፋል። ስሙ ይገኛል፣ ቅጠሉ ግን የቱ እንደሆነ አይታወቅም። ለእኔ ከሁሉ የሚከፋው ኪሳራ ይህ ነው።

የእናቶች እውቀት ሌላ መንገድ ነበረው፤ ብራና አልፈለገም፣ ምሥጢርም አልነበረም። ጭርት የወጣበት ልጅ የብሳና ለጋ ቅጠል ተጨምቆ ይቀባል። ለእሳት ቃጠሎ የእሬት ዝልግልግ አለ። ልብስም ገላም በእንዶድ ይታጠባል። ይህን ለመሥራት ማንም ባለ መድኃኒት ዘንድ አልሄደም፤ ከጓሮ ወይም ከአጥር ሥር ተቀጥፎ ይመጣል።

ወደ ዋጊኖስ ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ1973 በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ የነበረው አሜሪካዊ ኬሚስት ሞሪስ ኩፕቻንና ባልደረቦቹ ከዚሁ ተክል «ብሩሲያንቲን» የተባለ ንጥረ ነገር አወጡ። ተክሉን ለምርምር ያስመረጣቸው ኢትዮጵያ ውስጥ ለካንሰር ይውላል መባሉ ነው። ንጥረ ነገሩ በላቦራቶሪ የደም ካንሰር ሕዋሳትን ሲገድል ታየ፣ ተስፋውም ትልቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ በሕሙማን ላይ ሲሞከር ግን ማቅለሽለሽና የደም ግፊት መውረድ አስከተለ፤ ዕጢዎቹም አልቀነሱም። ሙከራው ቆመ። ንጥረ ነገሩ የሚሠራው ሕዋስ ፕሮቲን እንዳይሠራ በማገድ ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ የበሽታውን ሕዋስ ከጤነኛው አይለይም። ዋጊኖስን በዘፈቀደ መጠጣት አደገኛ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

የቆዳውን ጥያቄ፣ በሌሎች ዕፀዋት ላይም ቢሆን፣ በቅጡ ያነሡት የአገራችን ሰዎች ናቸው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፋርማሲ ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች፣ ፕሮፌሰር ጽጌ ገብረ ማርያምና ፕሮፌሰር ካሊአብ አስረስ ያሉበት ቡድን፣ ሕዝቡ ለቆዳ ሕመም የሚጠቀምባቸውን ስምንት ዕፀዋት መርጠው እ.ኤ.አ. በ2005 ውጤታቸውን አሳተሙ። ዲግጣ፣ እንዳሁላ፣ ልት፣ እንዶድ፣ ከሴ፣ ጢፌ፣ ሌላው ቀርቶ ለፍላጻ መርዝ የሚውለው መረንዝ ሳይቀር ተመረመሩ። ከዕፀዋቱ ተለይቶ የወጣው ንጥረ ነገር የቆዳ ሕመም በሚያመጡ ባክቴሪያዎችና ፈንገሶች ላይ ሲሞከር ከሁሉ ጎልተው የወጡት ከሴና ጢፌ ሆኑ። ቅቤያችንን የምናነጥርበት ኮሴረት የከሴ ወገን ነው። ይህን ሳነብ ደስ ያለኝን ያህል በሌላ የሳይንስ ዜና ተደስቼ አላውቅም።

ግን በላቦራቶሪ ሳህን ላይ ያለ ፈንገስና በልጅ ራስ ላይ ያለ ፈንገስ አንድ አይደሉም። ቆረቆርን እንውሰድ። ፈንገሱ የሚኖረው ጠጉሩ ውስጥ ስለሆነ ከላይ የተቀባ ነገር፣ ቅጠልም ይሁን የፋርማሲ ቅባት፣ አይደርስበትም፤ የሚዋጥ መድኃኒት የግድ ነው። በክንድ ወይም በአንገት ላይ ለወጣ ጭርት ግን የሚቀባ መድኃኒት ይሠራል። የብሳና ጭማቂ አንዱን አድኖ ሌላውን ያላዳነባት እናት አልተሳሳተችም፤ በሽታው በተቀመጠበት ቦታ ተለያይቶባት ነው። እከክ ደግሞ ሌላ ነው፤ ቆዳ ቦርቡራ የምትገባ እጅግ ትንሽ ተባይ ናት የምታመጣው። ድኝ በቅባት ለውሶ መቀባት የቆየ መድኃኒቱ ሲሆን ዛሬም ለጨቅላ ሕፃናት ይታዘዛል። ቤተሰቡ በሙሉ በአንድ ጊዜ ካልታከመ ግን እከክ ተመልሶ ይመጣል።

ነገሩ ያለፈ ታሪክ ብቻ እንዳይመስል አንድ ቁጥር ልጨምር። ከ2008 ዓ.ም. ድርቅ ጋር ተያይዞ በአማራ ክልል የእከክ ወረርሽኝ ሲነሣ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመርምሮ ሲሶ የሚሆነው በሽታው ተገኝቶበታል። ውኃ ሲጠፋ ገላ አይታጠብም፣ ልብስ አይታጠብም፣ ሰውም ተጠጋግቶ ያድራል። የዓለም ጤና ድርጅት እከክን ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር ክልል በሽታዎች ተራ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ይህ ሁሉ ሕዝብ ሲታከክ ዋጊኖስ እዚያው ክልል፣ በአብያተ ክርስቲያናት ደን ውስጥ ቆሞ ነበር። ለእከክ ምን ያህል እንደሚጠቅም፣ በምን መጠን ቢቀባ ቆዳ እንደማይጎዳ አውቀን ቢሆን ኖሮ የሚል ቁጭት አለብኝ። ፋርማሲስቶቻችንና የቆዳ ሐኪሞቻችን ይህን የዋጊኖስን ጥያቄ እንዲያነሡልን እለምናለሁ።

ለአንባቢም ልመና አለኝ። የልጅዎ ራስ በቆረቆር ከተያዘ ወይም ቤተሰብዎ እከክ ከገባበት ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዷቸው፤ ያልታወቀ ዕፅ አያጠጧቸው። አያትዎ ወይም አንድ አረጋዊ ጎረቤት ዕፅ የሚያውቁ ከሆነ ግን በዚህ ሳምንት ሄደው ያነጋግሯቸው። የዕፁን ስም፣ የሚወሰደው ቅጠሉ ይሁን ሥሩ፣ በምን እንደሚለወስና ለየትኛው ሕመም እንደሚቀባ ይጻፉ። ከተቻለ አብረዋቸው ዱር ይውረዱና የቅጠሉን ፎቶ ያንሡ።