አንድ መደብ ለጎረቤት

በ1997 ዓ.ም. የፀረ ኤች.አይ.ቪ መድኃኒት በአገራችን በነፃ መሰጠት ጀመረ። መድኃኒቱ ተገኘ፤ በባዶ ሆድ መዋጥ ግን ብዙዎችን ፈተነ። በእነዚያ ዓመታት ባሕር ዳርን ጨምሮ በከተሞች፣ ቫይረሱ በደማቸው ያለ እናቶች በጓሯቸው ጎመንና ካሮት እንዲያለሙ ተደገፉ። ልጆቻቸው ከጓሮው በሉ፤ የተረፈው ተሸጠ።

እ.ኤ.አ. በ1995 ደግሞ በአሜሪካ አላስካ አንድ የጋዜጣ አምደኛ አንባቢዎቹን አንድ ረድፍ ለተራቡ ዝሩ አላቸው፤ ምርቱም ለችግረኞች ምገባ ዋለ።

ጓሮ ያላችሁ፣ አንድ መደብ መድኃኒት ለጀመረ ጎረቤት ልጆች መድቡ። ጎመንና ካሮት ሰውነታችን ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ንጥረ ነገር አላቸው፤ ልጆችን ከዳፍንት ለመጠበቅ ይረዳሉ። በንጹሕ ውኃ አጥባችሁ፣ በጥቂት ዘይት አብስሉት።