ጥጥና ጨው በዱብቲ

የአዋሽ ወንዝ ባሕር አይደርስም። ከደጋ ጠርጎ ያመጣውን ደለልና የሟሟ ጨው ይዞ በአፋር ቆላ፣ በአቤ ሐይቅ ያልቃል። በዱብቲ የጥጥ እርሻ ሲመሠረት ይህ ነገር ተገቢው ግምት የተሰጠው አይመስልም።

በ1950ዎቹ ዓ.ም. የእንግሊዙ ሚቸል ኮትስ ኩባንያ የተንዳሆን እርሻ ሲያቋቁም፣ የአፋር አርብቶ አደር በበጋ ከብቱን የሚያሰማራበት የወንዝ ዳር መሬት የጥጥ ማሳ ሆነ። በ1967 ዓ.ም. እርሻው ወደ መንግሥት ተዛወረ፤ ባለቤቱ ቢለወጥም መስኖው ያው ነበር።

ትርፉ ውሃ መውጫ ቦይ ካላገኘ የከርሰ ምድሩ ውሃ ከፍ ይላል፤ ውሃው በፀሐይ ይተናል፣ ጨው ከላይ ይቀራል። ያን ጊዜ ሥር በእርጥብ አፈር ውስጥ ሆኖ ይጠማል። ሶዲየም የፖታሲየምን መግቢያ ይሻማል፤ አልካላይነት በበረታበትም ብረትና ዚንክ በበቂ አይሟሙም፣ ፎስፈረስም ከካልሲየም ጋር ይታሰራል። ስለዚህ የተተወውን ማሳ «ደኸየ» ማለት ትክክል አይደለም፤ ምግቡ ሳለ ተቆልፎበታል።

የአገሩ ቁጥቋጦዎች ለዚህ መላ አላቸው። ሱዌዳ ሶዲየሙን በወፍራም ቅጠሉ አከማችቶ ውሃ ይስብበታል፤ ታማሪክስ ደግሞ ጨውን እንደ ላብ ያወጣዋል። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በረሃማነትን ይገታል ተብሎ የተተከለው ፕሮሶፒስ ግን ከሁሉም በረታ፤ ሥሩ እስከ ጥልቁ ውሃ ይወርዳል፣ በሥሩ ባሉ ባክቴሪያዎችም ናይትሮጅንን ከአየር ያገኛል። አፋሮች «ደርጊ ሃራ»፣ የደርግ ዛፍ፣ ብለው ሰየሙት። ጥጥ በለቀቀው ማሳ ላይ ተስፋፍቶ የከብቱን መንገድ በእሾኽ ዘጋ።